ለወንድሜ ለሙሉቀን፦ ስለ ልጆችህ ወንበር

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ወር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሉቀን፤

እንደምን ከርመሃል? ትዕግሥት ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ኢንተርኔት በክልላችን በተቋረጠበት ጊዜ ድምፅህ ጠፋብኝ፤ አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላም በነበረኝ ቁጥር ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ አጣሁ። ባለፈው ሰሞን እናታችንን ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም ብሄድ፣ እህትህ አዲሱን አድራሻህን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እናታችን ደኅና ናቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ድምፃቸው ያው የድሮው ነው፤ ደጃፍ ቆመው ጎረቤት ሲጠሩ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ለጥምቀት ከዋሽንግተን ከነቤተሰብህ እንደምትመጣ ያበሠሩኝም እሳቸው ናቸው። ለጠላው የሚሆነው ጌሾ ከወዲሁ ተገዝቶ ተቀምጧል።

ስለ ጓደኞቻችንና ስለ ከተማዋ የምጽፍልህ ብዙ ነበረኝ። አዲሱን የዓባይ ድልድይም አላየኸውም። እሱን ስትመጣ በእግራችን እየተሻገርን እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እህትህ እንደነገረችኝ፣ የትዕግሥትንና የትንሿን ቲኬት በቅናሽ አግኝተህ ቆርጠሃል፤ የራስህንና የሁለቱን ትልልቅ ልጆች ደግሞ በሚቀጥለው ደመወዝ ልትቆርጥ አስበሃል። ቀኑም አውሮፕላኑም አንድ ስለሆነ ለውጥ የለውም ብለህ ይሆናል። ለውጥ አለው ሙሉቀን። በእኛ ላይ የደረሰውን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ትምህርቴን ጨርሼ ከቤልጅየም ስመለስ የእኔን ቲኬት የገዛው የትምህርት ዕድሉን የሰጠኝ ክፍል ነበር። የአስናቀችንና የልጆቹን የገዛሁት እኔ ነኝ። በረራው አንድ ነው። ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ በጊዜ ደርሰን ተሰለፍን። ባንኮኒው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ለአስናቀችና ለልጆቹ ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) አተመች። ለእኔ በታተመው ወረቀት ላይ ግን የወንበር ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። «በመሳፈሪያው በር ላይ ይሰጥሃል» አለችኝ። የልጆቹን ወረቀት ሳየው ደግሞ ሶልያና ከእናቷ አሥራ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተመድባለች። ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ቁጥር መለየት የጀመረችበት ጊዜ ስለነበር ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ የራሷን ወንበር ቁጥር ጮክ ብላ እያነበበች ትደሰታለች።

«ይህች ልጄ ናት፣ ይህችም ባለቤቴ ናት» ብላት ሠራተኛዋ ፓስፖርቶቹን እንደገና ገለጠቻቸው። የእኛን አገር ስም ታውቀዋለህ። በፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚጻፍበት ቦታ የእኔ የአያቴ ስም ነው፤ የሶልያና የአባቴ ስም ነው፤ የአስናቀች ደግሞ የእሷ አያት ስም ነው። በአንድ ቤት የምንኖር ሰዎች ስንሆን ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ መንገደኞች ነን። እኔና እነሱን አንድ የሚያደርገን የቡኪንግ ቁጥሩ፣ ማለትም ቲኬቱ የተያዘበት መዝገብ ቁጥር፣ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ሆኗል። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። በፊቷ ያለው ሰሌዳ የሚያሳያትን ነው ያደረገችው።

በሩ ላይ ስንደርስ በረራው ካለው ወንበር በላይ መሸጡን በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። ለሚቀጥለው ቀን መቅረት የሚፈልግ ፈቃደኛ ካለ ሆቴልና ገንዘብ እንሰጣለን አሉ። ወንበር ካልተመደበላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አስናቀች ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሶልያናን በእጇ ይዛ ከአጠገቤ ቆማ «አንተ ከቀረህ እኛም አንሄድም» አለች። የእነሱ ሻንጣ ግን ገብቷል። በመጨረሻ አንድ ወጣት ተማሪ እቀራለሁ አለና የእሱ ቦታ ለእኔ ተሰጠ። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ከአስናቀች ጎን የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ብቸና የሚመለሱ ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው ወሬው ሳያልቅ ቀበቶውን ፈቱት። «ልጅ ከእናቷ ተለይታ? ምን ሲደረግ!» ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሶልያና ቦታ ለመቀመጥ ወደ ኋላ ሄዱ። የለቀቁት ወንበር ለካስ እግራቸውን እንዲዘረጉበት ልጃቸው ገንዘብ ጨምራ የከፈለችበት ኖሯል። እኝህን እናት እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ። ያም ሆኖ የልጄ ቦታ በእሳቸው ጉልበት መከፈል አልነበረበትም፤ የአንተ ልጆችም በሌላ ሰው ደግነት ላይ ተማምነው እንዲሳፈሩ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አጥብቄ ጠየቅሁ፣ አነበብሁም። ቲኬት የቆረጡ ሰዎች ሁሉ አይመጡም። አንዱ ይታመማል፤ ሌላው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወር ያመልጠዋል። ኩባንያዎቹ ይህን ከዓመታት መዝገብ እያሰሉ ካለው ወንበር ጥቂት አብልጠው ይሸጣሉ፤ አሜሪካንን ጨምሮ በብዙ አገር ሕጉ አይከለክላቸውም። ሁሉም ሰው የመጣ ቀን ግን ሰው ይተርፋል። ከመናኸሪያችን የሚነሳ አውቶቡስ ትርፍ ሰው ሲይዝ መተላለፊያው ላይ ዱካ ያስቀምጣል፤ አውሮፕላን ዱካ የለውም። ከልክ በላይ ባይሸጥም ሰው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከባድ አውሮፕላን ብዙ ሰው፣ ብዙ ዕቃና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ወደ ዋሽንግተን የምትመለሱበት በረራ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፈውም ለዚሁ ነው።

የወንበር ቁጥሩም ቢሆን የጸና ነገር አይደለም። አውሮፕላኑ በሌላ ዓይነት ከተተካ ምደባው ሁሉ ይፈርስና ኮምፒውተሩ እንደገና ያከፋፍለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣው ቦይንግ 737 ሲሆን በየረድፉ ሦስት ሦስት ወንበር ግራና ቀኝ አለው፤ በዳሽ 8 ኪው 400 ከተለወጠ ሁለት ሁለት ይሆናል፤ የሚይዘውም ሰው ከ80 አይበልጥም። ስለዚህ ወንበር መርጫለሁ ብለህ አትተወው። በየሳምንቱ፣ ጉዞው ሲቃረብ ደግሞ በየቀኑ እየከፈትህ እየው።

ይህን ሁሉ የምጨነቀው ልጅ ሰዓታት ሙሉ ብቻዋን ስለምታለቅስ ብቻ አይደለም። አስተናጋጆቹ ከመነሳታችሁ በፊት የሚናገሩትን አስታውስ፦ የኦክስጂን ጭምብሉ ሲወርድ መጀመሪያ ለራስህ አድርግ፣ ከዚያ ለልጅህ አድርግላት ይላሉ። ልጅህ አሥራ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ከሆነች ማን ያደርግላታል? አውሮፕላን ፈቃድ ከሚያገኝባቸው መለኪያዎች አንዱ ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግተው ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት መቻሉ ነው። ሰው ወደ ፊት ሲጋፋ ልጁን ፍለጋ ወደ ኋላ የሚሮጥ አባት ይህን ሰዓት ለራሱም ለሌላውም ያጠፋዋል። የማይሮጥ አባት ደግሞ የለም። የልጅን ወንበር ከወላጁ ጎን ማድረግ እንደ ሻንጣ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጥ አገልግሎት ሊሆን አይገባም ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያለ ክፍያ ከወላጃቸው ጎን እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ አቅርቦ ነበር። በፈቃዳቸው ይህን ቃል የገቡ የአሜሪካ ኩባንያዎችም አሉ። አንተ ግን በረቂቅ ተማምነህ አትሳፈር።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። የራስህንና የልጆቹን ቲኬት ሳትቆርጥ ወደ ኩባንያው ደውል። ሁላችሁም በአንድ የቡኪንግ ቁጥር መግባት የምትችሉ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ክፈለው። ካልተቻለ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ አድርግ፤ የጻፈልህን ሰው ስምና ቀኑን ያዝ። የእናንተ ልጆች እዚያ ስለተወለዱ የአንተን የመጨረሻ ስም ይዘው ይሆናል፤ ትዕግሥት ግን በአባቷ ስም ነው የምትጓዘው። ስለዚህ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅህ ያዝ።

ወንበሩን ስትመርጥ አራታችሁን በአንድ ረድፍ ለማድረግ አትድከም። ረጅሙን መንገድ የሚበርረው ቦይንግ 787 ከሆነ በተራው መደብ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ሁለት ሆናችሁ በተከታታይ ረድፎች መቀመጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ጎን አንድ ወላጅ ይሁን። ትንሿን የሚታቀፈው ሰው የትም መቀመጥ አይችልም፤ በየረድፉ ያለው ትርፍ የኦክስጂን ጭምብል የተቆጠረ ስለሆነ ሕፃን የያዘ ሰው የማይፈቀድበት ወንበር አለ። በአደጋ መውጫው ረድፍ ደግሞ ልጅ አይቀመጥም። የኢንተርኔቱ ቼክ ኢን (የመንገደኛ ምዝገባ) አብዛኛውን ጊዜ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይከፈታል፤ በተከፈተበት ደቂቃ ግባ። ሰው ሲተርፍ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ዘግይተው የተመዘገቡትና ወንበር ያልተመደበላቸው ናቸውና።

ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትነሱ ሕጉ የአሜሪካ ነው። ኩባንያው ማንንም ከማስቀረቱ በፊት ፈቃደኛ መጠየቅ አለበት። ፈቃደኛ ከሆንክ የምታገኘው የተስማማህበትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በድካም ተሸንፈህ «እኔ ልቅር፣ እነሱ ይሂዱ» እንዳትል። ያለ ፈቃድህ ካስቀሩህና በሌላ በረራ ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይተህ የምትደርስ ከሆነ፣ ካሣው የአንድ መንገድ ዋጋህ አራት እጥፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ጣሪያው 2,150 ዶላር ደርሷል። መዘግየቱ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ከሆነ ሁለት እጥፍ፣ ጣሪያውም 1,075 ዶላር ነው። የጉዞ ኩፖን ሲዘረጉልህ በገንዘብ ወይም በቼክ ክፈሉኝ የማለት መብት አለህ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ላይ አንድ ተሳፋሪ ከተቀመጠበት ወንበር እየተጎተተ ሲወጣ ዓለም ሁሉ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቦርዲንግ ፓሱ በሩ ላይ ተቀባይነት ያገኘን ሰው በወንበር እጥረት ማስወረድ በመንግሥት ደንብ ተከልክሏል። በአውሮፓ በኩል የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የሚነሳው በረራ በአውሮፓ ሕግ ይገዛል፤ ለዚህ ርቀት ካሣው በሰው እስከ 600 ዩሮ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ የአሜሪካው ደንብ አይከተላችሁም፤ በዚያ ቀን ከሁሉ በፊት ቦሌ ድረሱ።

የባሕር ዳሩንም በረራ ከዋናው ቲኬት ጋር በአንድነት ቁረጠው። ለብቻው ከገዛኸው የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኃላፊነቱ የአንተ ይሆናል። ዘንድሮ መንገዱ እንደልብ ስላልሆነ፣ ቀድሞ በደጀን በኩል በመኪና ይመጣ የነበረው ሁሉ ፊቱን ወደ አውሮፕላን አዙሯል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወደ ጎንደር ቦታ ያጣው እንግዳ በእኛ በኩል ይመጣል። አምስት ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ «ነገ ሞክሩ» ስትባሉ ማየት አልፈልግም። የአስናቀች የአክስት ልጅ እዚህ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፤ የቡኪንግ ቁጥሩን ከላክህልኝ የአገር ውስጡን ወንበር እየተከታተለች ትነግረኛለች። በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ይዤ እጠብቃችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የትንሿን የልደት ቀን ጻፍልኝ። በእቅፍ የምትሄደው ሁለት ዓመት እስኪሞላት ብቻ ነው፤ እዚህ ሳላችሁ ከሞላት በመመለሻው የራሷ ወንበር ያስፈልጋታል፤ ያም ወንበር ከእናንተው ጎን መሆን አለበት። በዚያው የክርስትና ስሟንም ጨምርልኝ፤ እናታችን አጥብቀው ጠይቀውኛል።

ትዕግሥትን በጣም ሰላም በልልኝ። አስናቀችና ልጆቹ ይስሟችኋል።

ወንድምህ ይበልጣል