ትንንሾቹን ሬዲዮዎች መቀበል ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በራችን ላይ የለጠፍነው ወረቀት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ሰምተናል። ወረቀቱ የሚለው ሦስት ነገር ነው። በፍላሽና በሚሞሪ የሚጫወቱትን ትንንሽ ሬዲዮዎች ለጥገና አንቀበልም፤ ማንኛውም ሬዲዮ ለምርመራ ሲከፈት 100 ብር ይከፈላል፣ ከተሠራ ግን ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ተሠርቶ ሦስት ወር ሙሉ ባለቤቱ ላልወሰደው ዕቃ አንጠየቅም። የመጨረሻው ማንንም አላስከፋም። የምርመራው ክፍያ ትንሽ አስጉረመረመ። የመጀመሪያው ግን «አቦ፣ ሬዲዮ ሠሪ ናችሁ ወይስ ሬዲዮ መራጭ?» አሰኘን። ከመልካ ጀብዱና ከሽንሌ ድረስ መጥታችሁ ሬዲዮአችሁን እንደያዛችሁ ለተመለሳችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ስንፍናም ትዕቢትም አይደለም። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ምክንያት ለመዘርዘር አይበቃም፤ ስለዚህ እዚህ እንዘርዝረው።

እስኪ ትንሿን ሬዲዮ አብረን እንክፈታት። ከኋላዋ ሦስት ወይ አራት ብሎን አላት፤ አንዳንዷ እሱም የላት፣ በሙጫ የተዘጋች ናት፣ ስትከፈት ትሰነጠቃለች። ውስጧ መዳፍ የማትሞላ ቦርድ አለች። መካከሏ ላይ የጠብታ ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር ታያላችሁ። ሬዲዮዋም፣ ፍላሽ አንባቢዋም፣ ሰዓቷም እሱ ነው፤ ቺፑ ቦርዱ ላይ በቀጥታ ተቀምጦ በኢፖክሲ ተደፍኗል። ቁጥር አልተጻፈበትም፣ የሚነቀል እግር የለውም። እሱ ከሄደ ሬዲዮዋ ሄደች።

እሱ ደህና ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የቻርጀር መሰኪያው ነው። ገመዱ ሲጎተት መሰኪያው የተበየደበትን መዳብ ይዞ ይነሣል። ቦርዱ ወረቀት በሙጫ ተጠፍጥፎ የተሠራ ባለ አንድ ፊት ነው። የፋብሪካው ሊድ (መበየጃ ቆርቆሮው) እርሳስ የሌለበት ከሆነ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት 60/40 (60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ) ግን ከ183 ጀምሮ ይቀልጣል። ስለዚህ የፋብሪካውን ለማንሣት መበየጃውን 350 ዲግሪ አድርገን መንካት አለብን፣ ሦስት አራት ሰከንድ ከቆየን ደግሞ የቀረው መዳብም ተላጦ ይወጣል። ከዚያ ቀጭን ሽቦ እየጎተትን በማይክሮስኮፕ ሥር ስናስር አንድ ሰዓት ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ገመዱ እንደገና ይጎተትና «ሠራችሁልኝ ያላችሁት ይኸው!» ተብሎ ይመጣል።

ባትሪዋ ጠፍጣፋው የድሮ ሞባይል ዓይነት ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ነው። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ካደረ ያብጥና ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ «ትንሽ ይሠራል» ተብሎ ተመልሶ አይገባም፤ እሳት ነው። አዲስ ብንገዛለትም በላዩ የተጻፈው ሚሊአምፒር ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ታይዋን ገበያ አዲሷ ሬዲዮ ከምትሸጥበት ግማሹን ለጥገና ስንጠይቅ «ዘረፉን» ትሉናላችሁ፤ አትፍረዱብን እንጂ፣ ከዚያ ባነሰ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ገንዘብ ተቀብለን የማይቆይ ሥራ ከምንሰጣችሁ አልቀበልም ማለት ይሻላል አልን። ይህ ንቀት ሆኖ መታየቱ አሳዝኖናል።

አሁን ከጎኗ ፊሊፕስ፣ ናሽናል ፓናሶኒክ ወይም ግሩንዲግ አስቀምጡ። እነዚህን አሁንም እንቀበላለን፤ ያለ ማመንታት። ሲበላሹ ምን እንደሆኑ ይናገራሉ። ድምፁን ከፍ ስታደርጉት «ቱክ ቱክ ቱክ» ካለ፣ ባትሪ ድንጋዩ አዲስ ሆኖም ካላቆመ፣ የኃይል መስመሩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የሚባለው፣ ደርቋል ማለት ነው። ድምፁ ቀጥኖ የጓዳ ድምፅ ከሆነ፣ ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈው ባለ 220 ወይም 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ደርቋል። የምንቀይረው 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ነው፤ 85 የሚለው ርካሽ ነው፣ ግን በእኛ ከተማ ቆርቆሮ ሥር ዕድሜ የለውም። ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሸው አቧራ ነው፣ በኮንታክት ስፕሬይ ይጠራል። ስፕሬዩ ግን ጣቢያ መፈለጊያው ቫሪያብል ኮንደንሰር ውስጥ እንዲገባ አይፈለግም፤ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ከሆነ ጣቢያው ከቦታው ይሸሻል። ሰፈር ውስጥ «አጸዳሁልህ» ተብሎ የሚመጣልን ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ በዚህ የተበላሸ ነው።

በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩት ፊሊፕሶች ውስጥ ኤኤፍ117 የሚባል ባለ አራት እግር ትራንዚስተር (ምልክት ማጉያ) አለ። አራተኛው እግር ከቆርቆሮ ሽፋኑ ጋር የተያያዘ ነው። በዘመን ብዛት ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ብረት ያድግና ከሌሎቹ እግሮች ጋር ይነካካል፤ ሬዲዮው ድንገት ዝም ይላል። በጣት ቢመታ ለጥቂት ጊዜ ይነሣል፣ ቆይቶ ይመለሳል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ የሽፋኑን እግር መቁረጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ከሞተ ኤኤፍ127 እንፈልጋለን፣ እሱም ከሌላ የሞተ ሬዲዮ ካልሆነ አይገኝም።

አንድ ልመና እዚህ ላይ። በአነስተኛ የብረት ሳጥን ውስጥ ያሉትን፣ ጫፋቸው ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የሆኑትን ኮይሎች በቢላዋ ጫፍ አታዙሩ። ብዙዎቹ 455 ኪሎኸርዝ ላይ በመሣሪያ የተቃኙ ናቸው። አንዴ ከዞሩ ሬዲዮው ደንቆሮ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ፌራይት የሚባለው ጥቁር ተሰባሪ እምብርት ከተሰነጠቀ ደግሞ ወዲያም ወዲህም አይልም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ያዞረውን መልሶ መቃኘት ከጥገናው ሁሉ የሚረዝመው ሥራችን ነው፤ ለዚያ ሥራ ዋጋ ስንጨምር የምትገረሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

«የድሮ ሬዲዮ ድምፁ ልዩ ነበር» የሚለውን ሁላችሁም ትሉታላችሁ፣ ትክክል ናችሁ፤ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። 10 ሴንቲሜትር ስፒከር በእንጨት ሳጥን ውስጥ ወደዚያ ለመውረድ ይሞክራል፤ 5 ሴንቲሜትሯ ፕላስቲክ ውስጥ ሆና ከ300 በታች ብዙም የላትም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው፣ ያንኑ ቅጂ ዛሬ በትንሿ ቢያደምጠው ሌላ ሰው ያነበበው ይመስለዋል። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ ሕዝቡ ከስታዲየሙ ጋር የጮኸው በእነዚያ ስፒከሮች ነው።

አየሩም ያኔ ሌላ ነበር። ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. እስከተወረሰበት 1969 ዓ.ም. ድረስ 100 ኪሎዋት በሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ አስተላላፊዎች ይሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጣቢያ ደካማ ሬዲዮንም ያናግራል። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ መጣ። በርጫ ቤት የሬዲዮ ሀርጌሳ ዘፈን፣ የቢቢሲ ሶማልኛ ዜና ይፈለጋል፤ አንቴናዋ ወደ መስኮት ትዘረጋለች፣ ጣቢያው እስኪጠራ ሁሉም ዝም ይላል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሥራ ሲቋረጥ ግን «ሬዲዮዬ ጣቢያ መያዝ አቆመ» ብላችሁ ይዛችሁ መጣችሁ። ሬዲዮው ደህና ነበር፣ ጣቢያው ነው ያልነበረው። የምርመራውን 100 ብር የጀመርነው እንዲህ ዓይነቱን ስንፈትሽ ስለዋልን ነው። ከፍተን፣ ሞክረን፣ ጤነኛ ሆኖ ስንመልስ ከማመስገን በቀር የሚከፍል አልነበረም። ምስጋናው ይደርሰናል፣ ግን ሊድ አይገዛም።

100 ብሩን እንድታተርፉ ከመምጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሬዲዮውን ከመብራት ነቅላችሁ በባትሪ ድንጋይ አሠሩት። መካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አቁሙትና የቤቱን ዋና ማብሪያ አጥፉ። ጭርጭርታው ከቆመ ጥፋቱ ቤታችሁ ውስጥ ነው። መልሳችሁ አብሩና የኤልኢዲ አምፖሉን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ የሶላር መቆጣጠሪያውን አንድ በአንድ ሰኩ፤ ርካሽ ቻርጀር ውስጥ ያለው ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ ማጣሪያ ስለሌለው ገመዱን አንቴና አድርጎ ይረብሻል። ዋናው ጠፍቶም ካልቆመ ከጎረቤት ወይም ከመንገድ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ «ጠጠጠጠ» የሚለው የካንዴላው ብልጭታ ነው፣ ሬዲዮ አይጠገንለትም። ሬዲዮውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ አቅጣጫ ስላለው ረብሻው የሚደክምበት ማዕዘን አለ።

ለአጭር ሞገድ ከ5 እስከ 8 ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ በመቆንጠጫ ማሰር ይረዳል። ከመብራት ምሰሶ ጋር አይነካካ፤ ደመና ሲመጣ ይፈታ። ትንሿ ላይ ግን ረጅም ሽቦ አትሰሩ፤ ትጨናነቅና ብርቱ ጣቢያዎችን ያለ ቦታቸው ታመጣላችኋለች። መደወያ (የሚዞር ጣቢያ መፈለጊያ) ያላቸው ርካሾቹ ላይ ያው አንዱ ጣቢያ ሁለት ቦታ መሰማቱም ብልሽት አይደለም። ከእውነተኛው ቦታ 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ ጥላው ይወጣል፣ ኮይሎቹ የተቃኙበት የ455 እጥፍ ነው፤ ጥሩ ሬዲዮ ከፊት ማጣሪያ ስላለው ይህን ይቀንሰዋል።

ኤፍኤም ላይ ሙዚቃው የሚሰበር ከሆነ ደግሞ ያንኑ ጣቢያ ባጃጅ ውስጥ ስሙት። እዚያም ከተሰበረ እኛ ጋ አታምጡት። ከኢንተርኔት ተጨምቆ የወረደ ዘፈን፣ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ፣ በስልክ ከሚያወራ አድማጭ ጋር ተደባልቆ ከስቱዲዮ ሲወጣ በየትኛውም ስፒከር አይጠራም። ማስታወቂያውም ከፕሮግራሙ እንዲጮኽ ተብሎ የሚወጣ ይመስለናል። ይህ የእኛ ቅሬታ ነው፤ ግን እኛ የምንበይደው ቦርድ እንጂ ስቱዲዮ አይደለም።

ስለ ዋጋም ቅር ያላችሁ አላችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ ሊዱም ስፕሬዩም ካፓሲተሩም አብረው ሄዱ። ኪራዩ ጠብቆ ተከተለ። እኛ የእጅ ዋጋ የጨመርነው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ይህን ያየልን ሰው አለመኖሩ ትንሽ ቆርቁሮናል። አባቴ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ የአባቶቻችሁን ሬዲዮ በዱቤ ሠርቷል፣ እኔም ዱቤውን አልዘጋሁም። የሙሉ ካፓሲተር ቅያሪ 900 ብር ነው፣ የመደወያ ክር 250፣ የባትሪ ምላስና የአሲድ ጽዳት 200። ለጡረተኛ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እንነጋገራለን።

እስከዚያው ግን አሲዱን ራሳችሁ ልትከላከሉት ትችላላችሁ። ያለቀ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ አይደር፤ በግንቦት ሙቀት በጥቂት ቀን ይፈሳል። ርካሹ የዚንክ ድንጋይ ከሆነ ፍሳሹን በውኃ በራሰ ቤኪንግ ሶዳ፣ አልካላይን ከሆነ ሎሚ ጨምቃችሁ በጥጥ ጥረጉት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። አዳፕተር ስትገዙም የመሰኪያውን ሥዕል እዩ። ብዙዎቹ የድሮ የጃፓን ሬዲዮዎች መካከላቸው ነጌቲቭ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው አዳፕተር ግን ብዙውን ጊዜ መካከሉ ፖዘቲቭ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሬዲዮው በአንድ ሰከንድ ሊቃጠል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ 900 ብርም አያድነውም።

ትንሿን ይዛችሁ ብትመጡ አናባርራችሁም። አንጠግናትም እንጂ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ የትኛዋ ትሻላለች ብትሉን ከመግዛታችሁ በፊት ከፍተን እናይላችኋለን፣ በነፃ።

የሞተ ፊሊፕስ ወይም ናሽናል ቤታችሁ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አሳዩን። ከአንዱ ሬዲዮ አራት ኮይል፣ የፌራይት ዘንግ፣ ስፒከርና ሁለት ሦስት ትራንዚስተር ይወጣል፤ ከቆራሌው የተሻለ እንከፍላለን፣ ወይም ከጥገና ሒሳባችሁ እንቀንሳለን። የምንከፍተው ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00፣ ከሰዓት በኋላ ከ9፡30 እስከ 12፡30 ነው። ዓርብ ከሰዓት ከሶላት በኋላ እንከፍታለን፤ እሑድ ዝግ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ባለቤት