ቅጠሉን ተይውና ሥሩን እይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ እናትዬ? ሥራው፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን። የኅዳር ውርጭ ታውቂው የለ፤ ጠዋት ስወጣ ደጁ ላይ ያለው ሣር ነጭ ለብሶ ነው የሚጠብቀኝ።

ትናንት ማታ የላክሽውን የኦርኪዷን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቅጠሏ ተሸብሽቦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። «አባዬ፣ ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ በየቀኑ አጠጣኋት፤ ጭራሽ ባሰባት» ብለሻል። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ይሄ ነገር ዕቃውን ዘርግተሽ እያነበብሽ የምትሠሪው ስለሆነ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ ውሃውን አቁሚ። ዛሬውኑ።

የተሸበሸበ ቅጠል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ውሃ አጥታለች፣ ወይ ውሃ በዝቶባት ሥሯ በስብሷል። ሥሯ ከበሰበሰ ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ የሚያደርስላት የለም፤ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጠማለች። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንቺ ነርስ ነሽ፤ ሸዋ ሮቢት ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ ደሙን ሳታስመረምሪ የወባ መድኃኒት አትሰጪውም። ይሄም እንደዚያው ነው።

ይህን የተማርኩት ገድዬ ነው። ጡረታ ስወጣ ጓደኞቼ የሰጡኝን ነጯን ኦርኪድ ታስታውሺያለሽ? ያን ሁሉ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቼ፣ ጥቁር አፈር፣ የተብላላ ፍግና አሸዋ ደባልቄ እንደ ወይራ ችግኝ ተከልኳት። ቅጠሏ ሲላላ ውሃ ጨመርኩ። ሲብስባት አሁንም ጨመርኩ። በመጨረሻ ሳወጣት ሥር የሚባል ነገር አልቀራትም፣ ቡናማ ጭቃ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። አንቺ ጋ ያለችውን ስገዛ መጀመሪያ ስለ ሥሯ ጠይቄ፣ አንብቤ ነው የጀመርኩት።

ልጅ ሆነሽ ወፍ ዋሻ ደን የወሰድኩሽ ጊዜ ዝግባው ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ተክል በቅሎ አይተሽ «አባዬ፣ አፈር ሳይኖረው ምን ይበላል?» ብለሽኝ ነበር። ያንቺዋም ኦርኪድ፣ ፋላኖፕሲስ የምትባለው ዓይነት፣ በአገሯ፣ በእነ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ፣ አኗኗሯ እንደዚያ ነው። ዛፍ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ዛፉን አትበላውም። ሥሯ ቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል፣ ንፋስ ሲመጣ ይደርቃል። ሥሩን የሸፈነው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ቬላሜን ይባላል። ሲደርቅ ብርማ ግራጫ፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። አየር ካጣ ግን ታፍኖ ይበሰብሳል። ለወይራ ችግኝ ሥሩን ከአየርና ከፀሐይ እንሸፍንለታለን፤ ለእሷ ግን አየሩ ምግቧ ነው ብትዪ ይቀላል።

አሁን ወደ ሥራው። ከአዳር ተረኝነት በወጣሽበት ቀን አትጀምሪው፣ እንቅልፍ ጠግበሽ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፊ። የተተከለችበትን የፕላስቲክ ዕቃ ጎንና ጎኑን ጫን ጫን እያደረግሽ አላቅቂውና ግንዷን ይዘሽ ቀስ ብለሽ አውጫት። ሥሩ ከተጣበቀ እንዳትጎትቺ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ብትዘፈዝፊው ይለሰልሳል፤ እምቢ ካለም ፕላስቲኩን ቅደጂው፣ ፕላስቲክ ይተካል። ከዚያ በአፈር ፈንታ የሞላሁላትን አሮጌውን የዛፍ ቅርፊት በጣትሽ አራግፊ። ቅርፊቱ እንደ አፈር ደቅቆ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ከቀየርኩላት ሁለት ዓመት አልፎታል። ስትወስጃት መቀየር ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሥሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ያዝ አድርገሽ ጫን በያቸው። እዚህ ላይ አትቸኩይ። ጠንከር ያለ፣ ሙሉ የሆነ ሥር ጤነኛ ነው። ቢጫ ቢሆንም ጠንካራ ከሆነ አትንኪው፤ ብርሃን ስላላገኘ ነው ቢጫ የሆነው፣ ብዙ ሰው ደህናውን ሥር በቀለሙ ብቻ እየፈረደ ይጥለዋል። የበሰበሰው ገና ስትነኪው ይሟሽሻል፣ ላዩ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ሽታም ሊኖረው ይችላል። ቀፎው ቀርቶ እንደ ገለባ ከሽ የሚለው ደግሞ ደርቆ የሞተ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጤነኛው እስኪጀምር ድረስ ቁረጪ።

መቀሱን ሳትቆርጪ በፊት በእሳት ለብልቢው። የኦርኪድ ቫይረስ በመቀስ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መድኃኒትም የለውም። አንድ መርፌ ለሁለት ሰው እንደማትጠቀሚው ማለት ነው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋ ነካ አድርጊ። ጫፉ ላይ ብቻ! ቀረፋ ያደርቃል፤ ደህናውን ሥር ከነካው እሱንም ያደርቀዋል። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ተያት።

ማስቀመጫ አትግዢ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቆርጠሽ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሺው። ሥሩን አቅፎ ከያዘ ይበቃል፤ ሲሰፋ መሃሉ ሳይደርቅ ይቆያል። ውስጡ ስለሚታይሽ ደግሞ ሥሩ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ ሳታወጪ ታያለሽ። የድሮውን ዕቃ ልጠቀም ካልሽ በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ ዘፍዝፈሽ በደንብ አለቅልቂው።

የምትሞዪበትን እኔ እልክልሻለሁ። ፓቱላ የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት ቀቅዬ አድርቄያለሁ፣ ብሎኬት ሠሪዎቹ ጋ ካለው ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይም አጥቤ ጨምሬበታለሁ። ከሰሉን ግን እዚያው ታገኛለሽ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለውን ለቅመሽ ውሃው መጥቆሩን እስኪተው እጠቢው። አፈር ጭብጥ እንኳን እንዳትጨምሪ።

ስታስገቢያት የቅጠሎቿ መነሻ ከላይ ይሁን፣ አይቀበር። ወደ ውጭ የወጡትን የአየር ሥሮች አትጠምዝዢ፣ ይሰበራሉ። ቅርፊቱን በጣት ከመጠቅጠቅ ሃይላንዱን ጎኑን መታ መታ አድርጊው፣ ራሱ ይገባል። ከተወዛወዘች በእንጨት ደግፊያት።

አንድ የሚከብድሽ ነገር አለ። ፎቶው ላይ የአበባ ዘንግ አይቻለሁ፣ እንቡጥም ይዟል። ስትጠብቂው እንደነበር አውቃለሁ። ግን የተረፈው ሥር ሦስት አራት ብቻ ከሆነ ዘንጉን ቁረጪው። ያላትን አቅም አበባ ላይ ከጨረሰችው ሥር የምታበቅልበት አይኖራትም። ዘንጉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጊው፣ ያበበው ይቆይልሻል።

ከተከልሽ በኋላ አራት አምስት ቀን ውሃ የለም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ነው፤ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በደንብ አንጠፍጥፊያት። የቅጠሎቿ መሃል ውሃ ከገባ በጨርቅ ጫፍ ምጠጪው፣ እዚያ ከቆመ ልቧ ይበሰብሳል። በየስንት ቀኑ ብለሽ አትጠይቂኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እኔ ጋ አሥር ቀን ሳትደርቅ ትቆይ ነበር። ጣርማ በርን ወርደሽ አንቺ ያለሽበት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ቶሎ ትደርቃለች። ሥሩ ግራጫ ሲሆን አጠጪ፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠብቂ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ጋ ትሁን፤ የከሰዓቱ ፀሐይ እንዳያገኛት። አዲስ የሥር ጫፍ እስክታዪ ማዳበሪያ አትስጫት።

ምናልባት ሁሉም ሥር በስብሶ ካገኘሽው አትጣያት። ግንዷ ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለ። ስፋግነም የሚባል እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ተክል ከቅርፊቱ ጋር ለብቻው ጠቅልዬልሻለሁ። በትንሹ አርጥበሽ ጨምቂው፣ ከግንዷ ሥር አድርጊው፣ በሚያሳይ ፌስታል ሸፍነሽ ጥላ ውስጥ አኑሪያት፣ በየቀኑ ትንሽ እየከፈትሽ አየር ይግባላት። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ዕቃው ቅዳሜ ጠዋት በሚወርደው ሚኒባስ ይመጣል፣ መናኸሪያ ጠብቂው። እናትሽም በሶና ቆሎ ጨምራበታለች። ሥሩን አውጥተሽ ካራገፍሽ በኋላ፣ መቀስ ሳታነሺ፣ ፎቶ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን