የአንገትሽ ጠባሳ

ሚጣዬ፣

ዛሬ ጠዋት ሻርፕሽን ሦስቴ አስተካከልሽ። ከዚያ ድንገት «አባዬ፣ ያኔ ክኒኖቹን አልጋ ስር ባልደብቅ ኖሮ ይሄ ጠባሳ አይኖርም ነበር አይደል?» አልሽኝ። «ታክሲ ያመልጥሻል» ብዬ ሸሸሁ። አሁን ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፊት ለፊት አልችለውም።

አንገትሽ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ስትወጣ ሰባት ዓመትሽ ነበር። አያትሽ «ንፍፊት ነው» ብለው ቅጠል ለጠፉበት። እግዜር ይስጣቸው፣ አላስበጡሽም። ሽምብራዋ እንቁላል አከለች። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ የእጢ ቲቢ ተባለ፣ የስድስት ወሩን መድኃኒት ጀመርሽ። ሽንትሽ ብርቱካንማ ሲሆን «ሚሪንዳ ሸናሁ!» ብለሽ በሳቅ ገደልሽን።

በአራተኛው ወር እብጠቱ ፈንድቶ መግል አወጣ። መድኃኒቱ እየሠራም እጢው አንዳንዴ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠበቅን። አልቀነሰም። መግሉ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ተመረመረ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ መጣ፤ ሪፋምፒሲንን፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ የተላመደ ቲቢ።

ሐኪሟ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» አለች። የእጢ ቲቢ ብቻውን አይተላለፍም፤ ልጅን የሚይዘው ሳንባውን ከታመመ ሰው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂ። እናትሽ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አክታዬ ተመረመረ። ያው ሆኖ ተገኘ።

አንቺ ሳትወለጂ ቲቢ ይዞኝ ነበር። ሁለት ወር ዋጥኩ፣ ሳሉ ጠፋ፣ ወዜ ተመለሰ። የማተሚያ ቤቱ ሥራና የጤና ጣቢያው ሰዓት አልገጥም አለኝ፣ ተውኩት። መድኃኒት በየመሃሉ ሲቋረጥ የሚተርፈው ጠንካራው ባክቴሪያ ነው። አንቺ ጋ የደረሰው እሱ ነው። ሁሉንም ክኒን ብትውጪም ያ መድኃኒት አይበግረውም ነበር።

ከዚያ አብረን ታከምን። ቤዳኩሊን፣ ሊኔዞሊድ፣ ክሎፋዚሚን። ድሮ ልጆች ለወራት የሚወጉት፣ ጆሮ የሚያደነቁር ካናማይሲን የሚባል መርፌ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት እሱን አትስጡ አለ፣ አንቺ ተረፍሽ። ክሎፋዚሚን ቆዳችንን ሲያጠቁረው «አሁን ይበልጥ ተመሳሰልን» ያልሽኝን አልረሳም። ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ይህን ወረቀት የሒሳብ ደብተርሽ ውስጥ አደርገዋለሁ። ብትቆጪኝ መብትሽ ነው። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ታክሲ መያዣው ጋ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ