ስድስት ወር የጠበቁት ኦፓል ቆፋሪዎች፦ ለቅርስ ጥበቃ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፦

ከዚህ ቀደም ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ሦስቱም በመዝገብ ቤትዎ «ገቢ» የሚል ማኅተም ያረፈባቸው ሲሆን ግልባጫቸው በእጄ ይገኛል። የከተማችንን ስም እዚህ አልደግምም፤ ፋይሉ ከጠረጴዛዎ የራቀ አይደለም። አራተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት መልስ በማጣቴ ብቻ ሳይሆን፣ ከአሥራ አንድ ወር ዝምታ በኋላ ከቢሮዎ የወጣው የመጀመሪያው ወረቀት የክስ ማስጠንቀቂያ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

በሰሜን ሸዋ እንዳለችው እንደ መዘዞ ሁሉ በእኛም ገደል ኦፓል የተባለው የጌጥ ድንጋይ እንደሚቆፈር ያውቃሉ፤ ለጉብኝት መጥተው ፎቶግራፍ ተነሥተውበታል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰባት ወጣቶች ያሉበት ማኅበር ከአሮጌው የድንጋይ ቤት ግርጌ ወደ ተራራው ሲቆፍር፣ አንደኛው ልጅ በዶማ የመታው ስፍራ ባዶ ድምፅ ሰጠ። እጁን ሰድዶ ያወጣው ኦፓል አልነበረም። ከወናፍ የሚወጣውን ነፋስ ወደ እሳቱ የሚያደርስ፣ ጫፉ በግለት ቀልጦ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ የሸክላ ቱቦ ነበር። ከሥሩ ከሰል፣ ከከሰሉም ሥር ቀልጦ የረጋ፣ ጭብጥ የምታህለው እንኳ እጅ የምታዝል ጥቁር የብረት ዝቃጭ ተገኘ። ይህች ከተማ ኦፓል ሳይታወቅ በፊት ብረት ታቀልጥ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ አላውቀውም ነበርና።

ልጆቹ ዶማቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ። እኔም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41ን አነበብሁላቸው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ተረካቢ እስኪመጣ እንዳለ መጠበቅ አለበት። በማግስቱ አሳወቅን። ሰባቱም ቁፋሮውን አቆሙ። ለእርስዎ ይህ አንድ መስመር ነው፤ ለእነርሱ ግን የዕለት እንጀራ ነበር፤ ሁለቱ ደብረ ብርሃን ወርደው ሲሚንቶ ሲሸከሙ ከረሙ።

እኔ በበኩሌ ቢሮዎ ድረስ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ፣ አንድ ጊዜ መኪና የለም፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ባለሙያ ይላካል»። ያው አንቀጽ መንግሥት በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ፣ አግኚው በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሦስተኛው ደብዳቤዬ፣ በሚያዝያ የተጻፈው፣ ያ ማስታወቂያ ነው። ልጆቹ ከዚያ በኋላም ያንን ጉድጓድ አልነኩም፤ በተራራው በሌላው ጎን ጀመሩ። ክፍቱን የቀረው ጉድጓድ ግን የሐምሌን ዝናብ ጠጣ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የቤቱ ግድግዳ ከነጽድ ወራጁ በአንድ ሌሊት ተናደ።

በመስከረም ደብዳቤዎ መጣ፤ ወጣቶቹ «ቅርስ በማውደም» ይጠየቃሉ ይላል። ክቡር ሆይ፣ ቅርስ መሆኑን ማን ነገረዎት? ባለሙያዎ አላየውም፣ መዝገብዎ ላይ የለም፣ ምልክትም አልተተከለበትም። ቅርስ መሆኑን የነገርንዎ እኛ ነን፤ የእኛኑ ቃል ወስደው በእኛ ላይ ክስ አደረጉት።

በእንግዶች ፊት ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ስለ ፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁ፤ መናገርዎ ተገቢ ነው። ሆኖም ለነገሥታቱ ማረሻና ጦር የሠራውን ሰው ጠይብ ብለን ንቀን በሕይወቱ ካገለልነው በኋላ፣ ምድጃውን እንኳ ለማየት የአንድ ቀን አበል መንፈጋችን ያሳፍረኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የታሪክና የባህል ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። ቁጥሩ ከአዋጁ ጋር መገጣጠሙ ለማስታወስ ሳይረዳዎ አይቀርም ብዬ ነበር።

የምጠይቀው የክስ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲሻርና ከመጪው ክረምት በፊት የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች የሚያይ ባለሙያ እንዲላክ ነው። ከጉድጓዱ የወጡት ሦስት ቱቦዎችና ዝቃጩ በማዳበሪያ ተጠቅልለው በቤቴ አልጋ ሥር ይገኛሉ። ስረከባቸው ለወጣቶቹ ዓይነቱንና ቁጥሩን ጽፌ ፈርሜላቸዋለሁ። ፖሊስ ቢመጣባቸው የሚያሳዩት ወረቀት እርሱ ብቻ ነው፤ የቢሮዎ ማኅተም የለበትም።