ስለ ደመወዝ ተቀናሽ፦ ሲሶው ጣሪያ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። በአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ደመወዜ 7,400 ብር ሲሆን ግብርና የጡረታ መዋጮ ተነሥቶ እጄ የሚገባው 5,882 ነው። ጥቅምት ላይ ግን 3,416 ብር ገባ። ባንኩ ተሳስቶ መስሎኝ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማ ውጭ ባለው ማምረቻ ስሠራ በወር 1,000 ብር የቤት አበል ነበረኝ። በየካቲት 2016 መጨረሻ ከተማ ወዳለው መጋዘን ተዛወርኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ ግልባጭ ለፋይናንስ ደርሷል፤ አበሉ ግን እስከ መስከረም 2018 መግባቱን ቀጠለ። የፔሮል ዝርዝር ስለማይሰጠን የማየው ድምሩን ብቻ ነው። አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ኦዲተር ሲመጣ «በብልጫ የተከፈለ» ተብሎ የ19 ወር 19,000 ብር በስሜ ተያዘ፤ ሳይነገረኝም የደመወዜ ሲሶ፣ በወር 2,466 ብር፣ መቁረጥ ተጀመረ።

አንዲት የጭቃ ክፍል በ2,800 ብር ነው የተከራየሁት። የቀረችው 616 ብር ስድስተኛ ክፍል ከምትማረው የእህቴ ልጅ ጋር ወር የምንገፋባት ናት። ያልደረሰኝን የእቁብ ዕጣ ለጎረቤት አሳለፍኩ። እናቴ ከመሐል ሜዳ በሶና የባቄላ ክክ ላከችልን። በዚህ ውርጭ ከሰሉን ትተን በጊዜ መተኛት ለምደናል። አከራዬን ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በ15 ልስጥዎት ብላቸው «እኔም በዚሁ ኪራይ ነው የምኖረው፣ ልጄ፤ ለዚህ ወር ይሁን» አሉኝ። ለሚቀጥለው ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ሒሳብ ክፍል ስሄድ «ሕጉ ሲሶ ይፈቅዳል» ተባልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ 59 አነበብኩ። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ አይቆረጥም ይላል። ሲሶውን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም «ከዚህ አይበልጥም» ለማለት። ጣሪያውን ወለል አድርገው ያዙት። እኔ የፈረምኩት ወረቀት የለም፤ በየትኛው የሥራ ደንብ እንደቆረጡም ያሳየኝ የለም።

ሌላም አለ። አበሉ ሲከፈለኝ ግብር ተቆርጦበት ነበር። አሁን የምጠየቀው ግን ሙሉው 1,000 ነው። እጄ ያልገባውን ገንዘብ ከእጄ እመልሳለሁ ማለት ነው። ይህን ስጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛው ካልኩሌተሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

አልከፍልም አላልኩም። ኅዳር ላይ በወር 800 ብር ይቆረጥብኝ፣ ግብሩም ተቀንሶ ሒሳቡ በዝርዝር ይሰጠኝ ብዬ የኪራይ ውሌን አያይዤ አመለከትኩ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቅጂውን ይዣለሁ። በ800 ሙሉው 19,000 እንኳ ቢሆን በ24 ወር ያልቃል። እነሱ ስህተታቸውን ለማየት 19 ወር ፈጅቶባቸው የለም እንዴ?

በዚህ ከተማ ፋብሪካዎች እንደ እኔ ተቀናሽ የመጣባችሁ ካላችሁ ፈርሙ ስትባሉ መጀመሪያ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ የምትችሉትን መጠን ራሳችሁ ጻፉ። ለእኔ ማመልከቻ እስካሁን መልስ አልመጣም። የታኅሣሥ ፔሮል የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

የመጋዘን ጸሐፊዋ፣ ከጠባሴ