ፊዚክስ ክበብ፦ የአንበሳና የሚዛን ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም እንደወትሮው ጀመረ። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ ጥቅምት ሲገባ የደሴ ብርድ ግማሹን ወደ ቤቱ ሰደደው። የቀሩት ግን የዋዛ አልነበሩም።

ዓመቱን ሙሉ የያዘን የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት የለም ብለውናል። ታዲያ የተቆራኙ ቅንጣቶች ተራርቀው እንዴት ይግባባሉ?» የተቆራኙ የሚባሉት ቢራራቁም የልኬት ውጤታቸው የሚዛመድ ቅንጣቶች ናቸው። አንዱ ከኋላ ቀበል አድርጎ፣ «እንደ ጫማ ነዋ! ግራው ደሴ ከተገኘ ቀኙ ኮምቦልቻ ነው» አለ። ጥሩ መልስ ነው፤ ውጤቱ ገና ሳይራራቁ ተወስኗል ማለት ነው። አይንስታይንና ሁለት ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1935 ያሰቡት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል ግን በ1964 ጫማው ይበቃ እንደሆነ የሚለይ መፈተኛ አመጣ።

ከዚያ መፈተኛ የወጣ ጨዋታ አለ። ሁለት ልጆች በግቢው ሁለት ጫፍ ይቀመጣሉ። ለየራሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም ይወረወርላቸዋል፤ አንበሳ ወይም ሚዛን። የራሳቸውን ብቻ አይተው «አዎ» ወይም «አይ» ብለው ይጽፋሉ። ለሁለቱም አንበሳ ከወጣ መልሳቸው መለያየት አለበት፤ ያለዚያ አንድ መሆን።

የመጀመሪያዎቹ ከ20 ዙር 19 አሸነፉ። ደነገጥኩ። ኋላ ሲጣራ አንደኛው አንበሳ በወጣለት ቁጥር ለጓደኛው ሚስኮል ያደርግ ኖሯል! አንዷን የሳቱት ኔትወርክ ጠፍቶባቸው ነው። ስልክ ተሰብስቦ ሲጫወቱ ከ100 ዙር 73 ሆነ። ያቺው ጠያቂያችን 16ቱንም ስልቶች ሰሌዳ ላይ ደረደረች፤ ከአራቱ ዕጣዎች ከሦስት በላይ የሚያሸንፍ አልተገኘም። ጣሪያው 75 በመቶ ነው። መልሱ ከተቆራኙ ቅንጣቶች ልኬት ቢወሰድ ግን እስከ 85 በመቶ አካባቢ መድረስ ይቻላል።

እነሱም ሚስኮል ያደርጋሉ? እ.ኤ.አ. በ2015 ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ውስጥ 1.3 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ኤሌክትሮኖች ተለኩ። ብርሃን ያንን መንገድ ሳይጨርስ ልኬቱ አልቋል። ለሚስኮል ጊዜ የለም። ሆኖም የቤልን ጣሪያ አለፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓርብ ተከራከርን። በአንጻራዊነት ሕግ፣ ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደርስ ልኬቶቹ ካለቁ «ማን ቀደመ?» ለሚለው እንኳ አንድ መልስ የለም። በተለያየ ፍጥነት የሚጓዙ ሁለት ተመልካቾች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሊያዩት ይችላሉ። ታዲያ ይሄኛው ያኛውን አዘዘው ማለት ያስቸግራል። እኔን ያሳመነኝ ግን በየወገኑ ውጤቱ የሚጻፍበት ደብተር ነው። የአንዱን ወገን ደብተር ብቻውን ብታዩት ግማሹ «አዎ»፣ ግማሹ «አይ»፤ ያኛው ወገን ምንም ቢለካ አይለወጥም። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ደብተር ደግሞ ከብርሃን አይፈጥንም።

የጫማው ልጅ አሁንም አልተዋጠለትም። በዚህ ብቻውን አይደለም፤ የፊዚክስ ሊቃውንትም ስለ ትርጉሙ አልተስማሙም።

ለከርሞ ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር ልንገጥም አስበናል። ደብተራቸው ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቶ ይደርሰናል። ስልክ የምሰበስበው እኔ ነኝ።