ሞረድ እንዳታነሺ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ። እኛ ደህና ነን፣ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምት ሲገባ እንደምታውቂው ነው። ባሕር ዳር ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ፋታ አልሰጠንም፣ ጣናም ደፍርሷል፣ ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው።

ወንድምሽ ትናንት ቡና ላይ "ሁለቴ ወደቀች" ሲለኝ የነርስነቱ ፈተና መስሎኝ ክው አልኩ፣ ለካ እዛ ኖርዌይ የሚፈትኑሽ የአደኑ ተኩስ ነው። በ100 ሜትር አምስት ጥይት፣ አምስቱም 30 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ፣ ያውም በየዓመቱ። እውነቱን ልንገርሽ ሕጋቸውን ወደድኩት፣ እኛ ጋ ቢኖር ስንቱ ጎበዝ ነኝ ባይ ጉዱ በወጣ። መውደቅሽ ምንም አይደለም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፣ "የአያቴ ዓይን ወጣብኝ" ብለሽ መነጽር ልታሠሪ ነው አሉ፣ ደሞ አንዱ ጓደኛሽ ጥይቱ ዝቅ እያለ ስለሚመታ የፊት ማነጣጠሪያውን ትንሽ በሞረድ እንንካው ብሎሻል። ሞረድ እንዳታነሺ። ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይቺን ያዢልኝ።

በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። አማትሽ የሰጡሽ ጠመንጃ ማውዘር ነው፣ የኛው ቤልጅግ ወንድም ማለት ነው። ጀርመኖቹ ኖርዌይ ጥለውት የሄዱትን አገሬው በርሜል እየቀየረ ለ30-06 ጥይት አዋለው፣ ያ ጥይት መግቢያው ላይ የምታዪው የተቆረጠ ቦታ ጥይቱ ስለሚረዝም የተደረገ ነው። ስለዚህ የማውዘር ጥይት ነው ብሎ የድሮውን 7.92 የሚሰጥሽ ሰው ካለ አትቀበዪው፣ ያ አጭር ነው፣ ሊገባልሽ ይችላል፣ እርሳሱ ግን ለበርሜልሽ ወፍራም ነው፣ ፊትሽ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ ካልገባሽ ለጠመንጃ ጠጋኝ አሳዪ።

አሁን ሥራው። ከሁሉ በፊት መቀባበያውን ሳቢና ጣትሽን አስገብተሽ ባዶ መሆኑን እዪ፣ ባዶ ነው ቢሉሽም እዪ። ከዛ አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ግዢ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ክብደት፣ የተረፈ እያቀላቀልሽ አትተኩሺ። ከረጢት ላይ አስደግፈሽ ሦስት ተኩሺ፣ በርሜሉ በእጅ ሲያዝ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ እንደገና ሦስት። ወረቀቱን እዪው። ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ቦታው ብቻ ከሳተ የማነጣጠሪያ ነገር ነው፣ እሱ በኋላ ይታያል። ከተበተኑ ወይም በርሜሉ በሞቀ ቁጥር እየሄዱ ከሆነ ግን ማነጣጠሪያው ምን አደረገሽ? ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ የምጠረጥረው እንጨቱን ነው።

ጠመንጃውን ምድር ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምትቆልፊው አይደል? መቆለፉ ጥሩ ነው፣ ሕግም ነው፣ ግን ምድር ቤቱ እርጥብ ነው ብለሽ ራስሽ ነግረሽኛል፣ ልብስ ይሻግታል ያልሽው እዛው ነው። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋዋል ወይ ይጎትተዋል፣ ብረት ደሞ ሲገፉት ቀጥ ብሎ አይመታም።

አያትሽን ላንሳልሽ። ዓይናቸው በ50 ዓመታቸው ደከመ የሚባለውን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል፣ እኔም እንደሁላችሁ ሳወራው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። 1964 ሐምሌ ላይ እሳቸው ለክስ ባሕር ዳር ሄደው ሲሰነብቱ እኔ የ17 ዓመት ጎረምሳ ቁንዝላ በቆሎ እጠብቃለሁ፣ ከርከሮ በየሌሊቱ ይገባል፣ ቤልጅጓን አውርጄ ብተኩስ እግሩ ሥር አፈር ታስነሳለች። ሁለቴ። ጥይት ያኔ በቁጥር ነው፣ እሳቸው ሲመለሱ ይቆጥራሉ። ጠመንጃዋ የምትሰቀለው ጣራው በሚያፈስበት ምሰሶ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም፣ ምኑን አውቄው። ከቀጥቃጩ ሞረድ ለምኜ የፊቷን ማነጣጠሪያ ቀነስኩላት። የፊቱ ሲያጥር ጥይቱ ከፍ ይላል፣ እውነትም ከፍ አለች፣ ልክ መታች። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። የተሞረደውን ቦታ እንዳያበራ ጥላሸት ቀባሁትና ሰቀልኳት።

ጥር ላይ አጎቴ ሲዳር በጋ ነው፣ እንጨቱ ደርቆ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ማነጣጠሪያው ግን አጥሮ ቀርቷል። ሰዉ ቅል ሰቀለ። አያትሽ ተነሱ፣ ቅል ስተው የማያውቁ ሰው። የመጀመሪያዋ ከላይ አለፈች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። አንድ የሳቀ ነበር፣ ሌላው ዝም። "ዓይኔ ሄዷል" አሉ፣ ይቺኑ ብቻ፣ ተቀመጡ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ማሰሮውን ይዤ ቆምኩ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዛ ወዲያ ጠመንጃ አላነሱም፣ ቤልጅጓን በበሬ ለወጧት፣ መሬቱን ሲያካልሉ እንኳ ምልክቱን ሌላ ሰው ይይልኝ ይሉ ነበር። ዓይናቸው ግን የታንኳ ቀዛፊውን ማንነት ከሩቅ ይለይ ነበር እኮ!

የእንጨቱን ነገር ያወቅኩት 1971 ውትድርና ገብቼ መሣሪያ ጥገና ስመደብ ነው። አንድ ሽማግሌ የመቶ አለቃ ክረምትና በጋ የተለያየ የሚመታ ጠመንጃ ፈቶ እንጨቱ በርሜሉን የፈተገበትን ቦታ አሳየን፣ ላብ አጠመቀኝ። አያትሽ ከዛ ቀደም ብለው በ1970 አርፈው ነበር።

ስለዚህ ሞረድ እንዳታነሺ። የተቀነሰ ብረት አይቀጠልም።

ምን ልታደርጊ እንደሆነ ስሚኝ፣ ስትሠሪ ደሞ ስልክሽን አስቀምጪ። ሥር ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች እዪ፣ ላልተው ከሆነ ልክ በሚገጥም ካቻቢቴ የፊተኛውን መጀመሪያ ከዛ የኋለኛውን አጥብቂ፣ ግማሹ ችግር እዚሁ ያልቅ ይሆናል። አንድ የብር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መሀል አስገብተሽ ወደ ኋላ ጎትቺ፣ የሚይዝበት ቦታ ካለ እንጨቱ እየነካ ነው። ያኔ ብረቱን አውጪ፣ ማንኪያ ሻማ ላይ አስጠልሽተሽ ጥላሸቱን በጠብታ ዘይት ለውሰሽ የበርሜሉን ሆድ ቀቢና መልሰሽ ግጠሚው፣ ስታወጪው እንጨቱ ላይ የጠቆረው ነው የሚነካው። እሱን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልሽ፣ እንጨቱን ነው ያልኩሽ፣ ብረቱን አይደለም። ከዛ ውስጡን ሁሉ የተልባ ዘይት ቀቢው፣ እርጥበት እንዳይጠጣ። ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ እንዳትጥዪው በራሱ እሳት ይይዛል፣ ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው፣ ሕፃን ያለበት ቤት ነው።

በርሜሉን ስታጸጂ ከኋላ ነው፣ መቀባበያውን አውጥተሽ፣ ዘንግ ከአፈሙዝ አይገባም፣ አፉን ይበላዋል። የመዳብ ማጽጃ ካለ ጨርቁ አረንጓዴ መሆኑን እስኪያቆም ድገሚ፣ የስንት ዓመት ዝቃጭ እንዳለበት ማን ያውቃል። የአፈሙዙን ጠርዝ በጥጥ ዙሪያውን አሻሺው፣ ጥጡ ከተያዘ ተጎድቷል ማለት ነው፣ ያንን ባለሙያ ጋ ውሰጂ፣ ራስሽ እንዳትሞክሪ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተሰብስቦ ወደ ጎን ከሳተ የፊት ማነጣጠሪያው የሳተበት አቅጣጫ ይገፋል፣ በነሐስ ቁራጭ መታ መታ አድርጎ። ይገፋል አልኩ እንጂ ይሞረዳል አላልኩም።

መነጽሩን ብትፈልጊ ተመርመሪ፣ አልከለክልሽም፣ በአያትሽ ስም ግን አይደለም።

ቅዳሜ ተኩሰሽ የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ፣ የጠመንጃውን አይደለም፣ የወረቀቱን። ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጪ መጠኑን እንዳየው። ስትደውዪ በኔ ስልክ ይሁን፣ በእናትሽ አይደለም፣ የአያትሽን ነገር ገና አልነገርኳትም።

አባትሽ